የሰው ደምና የትምህርት ቤት ድርሻ



ደም በሰው አካል ውስጥ ያለ ዕረፍት የሚመላለስ አገልጋይ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ይገኛል። ቀዩ ሕዋስ ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለየብልቱ ያድላል፤ ነጩ ሕዋስ በሽታን ይዋጋል፤ ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ቁስልን ይደፍናሉ፤ ፈሳሹም ክፍል ምግብን ያደርሳል፥ እድፍንም ይጠርጋል። የቀዩ ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ የአጥንት መቅኔ ሌት ተቀን ምትኩን ይሠራል።

ይህ ሥራ ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት በግልጥ ከተመረመረባቸው ስፍራዎች አንዱ የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ነው። በዚያ አገር የወባ ተውሳክ በቀዩ ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሕዋሱን ያፈርሳል። ደግሞም ቀዩ ሕዋስ ክብነቱን ትቶ እንደ ማጭድ እንዲቆለመም የሚያደርግ፥ ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ በብዙ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ሐኪሙ አንቶኒ አሊሰን በካምፓላ አካባቢ 290 የባጋንዳ ሕፃናትን መርምሮ ውጤቱን በ1954 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጠባዩ ካለባቸው 43 ሕፃናት በ12ቱ፥ ከሌሎቹ 247 ግን በ113ቱ ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ተገኘ። ከዚህና በኋላ ከተደረጉት ምርመራዎች እንደ ታወቀው፥ ጠባዩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከጽኑ ወባ በብዙው ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን በበሽታው ይሠቃያል። ሁለቱም ወላጆች ጠባዩ ሲኖርባቸው፥ የሚወለደው እያንዳንዱ ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ነገሩ የተፈጥሮ ውርስ እንጂ እርግማን አይደለም።

እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ ገርጥቶና ደክሞ ይታያል፤ አጥንቱን እያመመውም ከትምህርት ይቀራል። የደምን ነገር ያላወቀ መምህር ሰነፍ ይለዋል፥ ይቀጣዋልም። ያወቀ ግን ወደ ሐኪም ይልከዋል፤ ውኃ እንዳይጠማ፥ ብርድና ብርቱ ድካምም እንዳይጎዳው ይጠነቀቅለታል።

ደም ፈጽሞ ያነሰበት ሕፃን የሚድነው ሌላ ሰው በሰጠው ደም ነው፤ ይህን ፋብሪካ ሊሠራው አልቻለም። በካምፓላ በናካሴሮ ላለው የደም ባንክ ከሚለግሱት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሆስፒታሎች ደም ይጎድላል። ቀይ ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢጠበቅ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው፤ ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ግን ሁለት ወር ያህል ይሆናል። ተማሪዎች አስቀድመው የሰጡት ደም ዕረፍቱ ሳይፈጸም ያልቃል ማለት ነው። ወባና ወሊድ ግን ዕረፍት አያውቁም።

እንግዲህ የደም ትምህርት በሰሌዳ ላይ የልብን ሥዕል በመሳል ብቻ ሊፈጸም አይገባውም። በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ፥ መምህር የገረጣውን ልጅ ለይቶ ይወቅ፤ ሹማምንትም የልገሳውን ቀን ከትምህርት ዘመኑ ጋር ያስማሙ። ተማሪዎች ወደየቤታቸው በሄዱ ጊዜ ደግሞ፥ ጤናው የሚፈቅድለት መምህር ሁሉ ራሱ ሄዶ ክንዱን ይዘርጋ።