ትንሽ ትራክተር ለአትክልት እርሻ፤ እንግዛ ወይስ እንሥራ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ስለሚነገር፥ እኛ ከጓሮአችን ስለማይርቅ አንድ ጉዳይ ልንናገር መረጥን። ይኸውም ጎመንና ድንች እያመረተ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ትንሽ የእርሻ ትራክተር ቢገዛ ይሻለዋል ወይስ እዚሁ ቢያሠራ የሚለው ነው።

ወደዚህ አሳብ የመራን የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱን የአትክልት ቦታ ቶሎ ለማረስ ብለን ትልቅ ትራክተር ተከራየን። ትራክተሩ በስንዴ ሜዳ ላይ የሚያስደንቅ ሥራ የሚሠራ ቢሆንም በእኛ ቦታ መዞሪያ አጣ፤ ዳር ዳሩን ሳያርስ ቀረ፤ ሲመለስም ሦስት እግር እንሰት ሰበረ። የቀረውን በመቆፈሪያ እስክንጨርስ ዝናቡ ቀደመን፤ ጎመናችንም የደረሰው ዋጋው ከረከሰ በኋላ ነበር። ጥፋቱ የባለ ትራክተሩ አይደለም፤ ቦታችንን ሳንለካ መሣሪያውን የጠራን እኛ ነን።

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ዶዮገና፥ ወደ አንጋጫና ወደ ዱራሜ የሚጓዝ ሰው እንደሚያየው፥ ቤቱ በእንሰት ተከቦ፥ ከእንሰቱ ቀጥሎ አትክልቱ፥ ከዚያም እህሉ ይታያል። መሬቱ ከአያት ወደ አባት፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ስለ ጠበበ ብዙ ቤተ ሰብ ያለው ከአንድ ሄክታር በታች ነው። በዚህ ላይ ጥንድ በሬ ማቆየት ከባድ ነው፤ በሬ ቢያርስም ባያርስም ይበላልና፥ ግጦሹም እየጠፋ ነውና። በሬ የሌለው ሰው የሚተማመነው በጉልበት ነበር። ዳሩ ግን ጉልበት ያላቸው ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ከመካከላችን ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ያልሸኘ ጥቂት ነው። እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ስንጨርስ «አንተስ መቼ ትሄዳለህ?» መባላችን አይቀርም። ስለዚህ የመሣሪያው ነገር ለእኛ የመቅረትና የመሄድ ነገር ነው።

ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የሚባለው ነጂው ከኋላ እየተራመደ በሁለት እጀታ የሚመራው ነው። የተለመደው ዓይነት አንድ ሲሊንደር ያለው፥ አሥራ ሁለት የፈረስ ጉልበት ያህል የሚያወጣ የናፍጣ ሞተር አለው። ከኋላው የሚገጠሙት የሚሽከረከሩ ስለቶች አፈሩን እየቆረጡ ያለሰልሱታል። ይህን የስለት አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በአባቱ እርሻ ላይ መሞከር የጀመረው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይበልጥም ነበር።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለድሀ ገበሬ የማይቻል ነው ለሚሉ የባንግላዴሽ ታሪክ መልስ ይሰጣል። በዚያ አገር በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በደረሰው ታላቅ ጎርፍ ብዙ የእርሻ በሬዎች ስላለቁ፥ መንግሥት ትናንሽ ሞተሮችና ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮች በቀላሉ እንዲገቡ ፈቀደ። ዛሬ አብዛኛው መሬት የሚታረሰው በእነዚህ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ገበሬ ትራክተር አልገዛም፤ አንዱ ገዝቶ ለጎረቤቶቹ በክፍያ ያርሳል እንጂ። በአገራችንም ከ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በታንዛኒያና በዚምባብዌ በተካሄደ የምርምር ሥራ ይኸው መሣሪያ ተሞክሯል። ሞተሩ ከማረስ ሌላ ተሳቢ እንደሚጎትት፥ እህል እንደሚወቃና ውኃ እንደሚስብም ታይቷል።

እንግዲህ እንግዛ ወይስ እንሥራ? እኛ የደረስንበት መልስ ሁለቱንም ነው። ሞተሩ፥ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ በትክክል ካልተሠሩ ሰው ይጎዳሉና ይገዙ። ተሳቢውን፥ የመደብ ማውጫውንና የድንች መስመር መክፈቻውን ግን ከተማችን ያሉ በያጆች ሊሠሩት ይችላሉ። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ልጅም ቢሠለጥን ይህን ሞተር መጠገን አይከብደውም። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ለመግዛት ይረዳል። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ቺንጋው፥ ኩሽኔታውና ስለቱ ሲያልቅ ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል። መለዋወጫ የሌለው ትራክተር በሣር ውስጥ የሚዝግ ብረት ነው። በወንጌልም ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ተመክሯል።

ወጪው ሲሰላ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊገዛ እንደማይገባው ይታያል፤ የአንድ ጓሮ ሥራ ከጥቂት ቀን አያልፍምና። ደቦን ያወቀ ሕዝብ ግን ትራክተርንም በደቦ ሊገዛ ይችላል። አሥር ቤት ተባብሮ፥ አንድ የሠለጠነ ነጂ ሾሞ፥ የናፍጣውንና የሥራውን ሰዓት በመዝገብ ቢይዝ፥ በበጋም ሞተሩን ለውኃና ለጭነት ቢያሠራው መሣሪያው ዕዳውን ይከፍላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ግን አለን። አንደኛ፥ አገራችን ተዳፋት ይበዛበታል፤ ከላይ ወደ ታች ማረስ ነጂውን ለአደጋ፥ አፈሩንም ለጎርፍ ይሰጣልና ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ ማረስ ነው። ሁለተኛ፥ ስለቱ አፈሩን ዱቄት እስኪያደርገው ደጋግሞ ማረስ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ያስወስዳል። ሦስተኛውና ዋናው ስለ እንሰት ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ፥ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ መንሥኤው ጽሑፍ ያወጡበት፥ በተበከለ መሣሪያ ከማሳ ወደ ማሳ ይተላለፋል። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚዞር ትራክተር ስለቱ ሳይጸዳ ከሄደ፥ ለአንዱ ድንች ብለን የሌላውን እንሰት ልናጠፋ ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ወደ እንሰት ሥር አይግባ፤ ከአንዱ ቦታ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባም ታጥቦ ይጽዳ። ይህ ሕግ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ትራክተር ልጅን ሁሉ በአገሩ ያስቀራል አንልም። ነገር ግን መቆፈሪያ ይዞ ከንጋት እስከ ማታ በሚለፋበት ቦታ «ቅር» የሚባል ልጅና፥ ሞተር እያንቀሳቀሰ፥ ሒሳብ እየያዘ፥ ምርቱን በጊዜው ወደ ሆሳዕና ገበያ እያደረሰ «ቅር» የሚባል ልጅ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህ ነው። ለልጃችሁ የመንገድ ገንዘብ ልታጠራቅሙ ስትነሡ፥ አስቀድማችሁ ከዘጠኝ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ለአንድ ምሽት ተቀመጡና ይህን ሒሳብ አስሉ። ልጃችሁንም አስቀምጡት፤ መዝገቡን እርሱ ይጻፍ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።