የደም ግፊት መድኃኒትና አብሮት የሚሰጠው ምክር

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። መለኪያው ደጋግሞ ከ140/90 በላይ ያሳየበት ገበሬ በማግስቱም ያርሳል፣ ገበያም ይወጣል። ምቾት የሚነሳው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ነው፤ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለሽንት ሊያመላልስ ይችላል። ወሬው ራሱም ይከብዳል። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ግፊት እንዳለባቸው የተነገራቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከዚያ ወዲህ ከሥራ የሚቀሩባቸው ቀናት መብዛታቸውን አሳይቷል፤ በሰውነታቸው ላይ አዲስ የመጣ ነገር ግን አልነበረም። የታካሚ የኑሮ ጥራት በመለኪያው ቁጥር ብቻ የማይታወቀው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 26 ጥያቄ መጠይቅም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሥራ አቅም፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ገንዘብ ጭምር ይጠይቃል።

ከጉና ተራራ ሥር፣ ከፋርጣ ወይም ከላይ ጋይንት ደብረ ታቦር ድረስ ለመድኃኒት የሚመጣ ሰው ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት በመጨረሻ የሚያገኘው ባለሙያ ፋርማሲስቱ ነው። በፋርማሲ ትምህርት የሚመረቁ ወጣቶች የሚቆሙት እዚያ ቦታ ላይ ነው። «በቀን አንድ ጊዜ» ብሎ ማሰናበት ለዚህ ሰው አይበቃውም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ጿሚ የጠዋቱን ክኒን ይተወዋል፤ ካልተጠየቀም አይናገርም። አምሎዲፒን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ወደ ማታ ቢዛወር ችግር የለውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ማታ ከተዋጠ በደብረ ታቦር ብርድ ሌሊቱን ደጅ ያመላልሳል፤ እሱን ጾሙ እንደ ተፈታ መውሰድ ይሻላል። ጸበል ሲገባ ክኒኑን የሚያቆምም አለ። እሱን መቆጣት የሚያተርፈው ዝምታን ነው፤ በሚቀጥለው ወር ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ስለ ጨውም ቢሆን ምክሩ ወጥ የምትሠራዋን ካላገኘ ከንቱ ነው። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የሚባለው ጨው የሚጨመረው በእሷ እጅ ነው። ለወገብ ሕመም እየተገዛ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ግፊት እንደሚጨምርም ብዙ ታካሚ አያውቅም።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 39 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ ፋርማሲስት የተከታተላቸው ታካሚዎች የላይኛው ግፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ በ7.6 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቀንሷል። ስለ ኑሮ ጥራት ያለው ማስረጃ ይህን ያህል የጠራ አይደለም፤ ይህም አያስገርምም። «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» እያለ የሚያስፈራራ ምክር ቁጥሩን ሊያወርድ ይችላል፤ ኑሮን ግን አያቀልም።

የሕክምናውን ወጪ በተመለከተ፣ በ2003 ዓ.ም. ፎገራን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሸክሙን አቅልሏል። የሚጎድለው ጊዜና ገለል ያለ ቦታ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የወሲብ አቅም ያዳክማሉ፤ ይህን ሰልፈኛ እየሰማው በመስኮት የሚናገር አባወራ አይገኝም። ወንበር ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ቢጠየቅ ሊናገር ይችላል፤ ያኔ ፋርማሲስቱ ለሐኪሙ አሳውቆ መድኃኒቱ በሌላ ይተካለታል።