በእርሳስ የተያዘ ባሕር

እኛ ዘንድ፣ በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጣና ነው። የዛሬው ወሬ ግን ስለ ጨዋማው ባሕር ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ሻምበል ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ አብሮ ነበር። ከመርከብ የወረዱት ዛሬ በጅቡቲ ባለችው ታጁራ ነው። ከዚያ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፈው፣ በረሃውን አቋርጠው አንኮበር ገቡ። የበርናትዝ ሥዕሎች በ1852 ታትመው ወጡ።

በጉዞው ጊዜ ፎቶግራፍ ለዓለም ከተዋወቀ ገና 2 ዓመቱ ነበር። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ሠዓሊ ደግሞ እንደ እርሳስ የሚመች የለም፤ አይደፋ፣ አይደርቅ፣ ውሃ በሚከበርበት አገር ውሃ አይጠይቅ።

የባሕር ዳርቻ ንድፍ ግን ያስቸግራል። አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው የሚቀረው። ውሃውን ከሰማይ የሚለየው አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ እሱ ትንሽ ካዘመመ ባሕሩ የሚፈስ ይመስላል። እኔ (ሠዓሊዎች አይቆጡኝና) ቀለም ጠግቦ ካለቀው ሥዕል ይልቅ የእርሳሱ ንድፍ ይበልጥብኛል፤ እጁ የት እንደቸኮለ፣ የት እንዳመነታ ያሳያል።

እናንተ ተማሪዎች፣ ባሕር ባይኖር የዓባይ በረሃ አለላችሁ። ቅርቡን ዛፍ ጠበቅ አድርጋችሁ አጥቁሩት፤ የሩቁን ተራራ ግን እርሳሱን ሳትጫኑ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ሞክሩት።