ቁጥር በፊደል ሲጻፍ

ቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይሰፍራል። ኮምፒውተር 97ን በፊደል እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን እንደየቋንቋው ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። በአማርኛ ቀላል ነው፤ ዘጠና ሰባት። በፓሪስ ፈረንሳይኛ «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» እንደ ማለት ነው፦ አራት ጊዜ ሃያ 80፣ 17 ሲጨመርበት 97። ጀርመንኛ ደግሞ ትንሹን ያስቀድማል፤ 21 «አንድና ሃያ» ይባላል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የተሠራውን ደንብ ቃሉን ብቻ ለውጦ መጠቀም አያዋጣም።

አማርኛም የራሱ ጥያቄ አለው። 100 «መቶ» ነው ወይስ «አንድ መቶ»? በንግግር «መቶ» ይበቃል። ቼክ ላይ ግን «አንድ መቶ» ይሻላል፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ከተገኘ «ዘጠኝ» ሊጨመርበት ይችላልና። ፕሮግራም የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ እባካችሁ «አንድ»ን አትርሱ።