ወጥ እንጨት ወይስ ኮምፔርሳቶ?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የሙዚቃ ክበባችን ሊገዛው ያሰበው የኤሌክትሪክ ጊታር «ገላው ኮምፔርሳቶ ነው» ተብሎ ሲነቀፍ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ የሁላችን መዋጮ ስለ ሆነ ነቀፌታውን መመርመር ይገባናል።

የኤሌክትሪክ ጊታር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታረኛ የሰላም ሥዩምን ጨዋታ ያልሰማ ጆሮ ጥቂት ነው። እኛ የጥሊሊ ልጆች ግን ከጊታር ይልቅ እንጨት እናውቃለን። ዋንዛ ለከበሮ ሲፈለፈል ያየ ሰው፣ ስስ ልጥ ተነባብሮ በማጣበቂያ የተያያዘበትን እንጨት ቢንቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ክራር የሚጮኸው በገዛ ገላው ነው፤ ክሩ ሲመታ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ገበቴውም ያስተጋባል። በኤሌክትሪክ ጊታር ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ እርሱም በአምፕሊፋየር በርትቶ በድምፅ ማጉያ ይወጣል። ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር ይህንኑ ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ገላው ይንቀጠቀጣል፣ ክሩንም ያንቀጠቅጣል፤ ድምፁ እየዞረ እየበረታ ሄዶ እንደ ጅብ ይጮኻል። በሠርግ ድንኳን ማይክሮፎን ሲያፏጭ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ወጥ እንጨት በቀላሉ ስለሚንቀጠቀጥ ለዚህ ጩኸት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ግን ግትር ነው።

አሜሪካዊው ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ በአራት ማዕዘን የጥድ ጉማጅ ግራና ቀኝ የጊታር ጎኖች ለጥፎ ነበር። የጊብሰን ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1958 ኢ ኤስ 335 የተባለውን ከፊል ባዶ ጊታር አወጣ፤ ፊቱና ጀርባው ሜፕልና ፖፕላር ከተባሉ እንጨቶች ልጥ የተነባበረ ሲሆን፣ በሆዱ መካከል ወጥ የሜፕል ጉማጅ አልፎበታል። ቢ ቢ ኪንግ «ሉሲል» ብሎ የጠራው ጊታርም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ ኮምፔርሳቶ የድኻ ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ተመልከቱ።

ከዚህም በላይ የአንዱ ልጥ ክር በቁመት፣ የሌላው በወርድ ስለሚጋደም እንጨቱ እንደ ልቡ አያብጥም፣ አይሰነጠቅምም። የአገራችንን ክረምትና በጋ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ያለ አምፕሊፋየር በጸጥታ ለሚጫወት ሰው በደንብ የተጠረበ ወጥ እንጨት የበለጠ ያምርለታል። መብራት በጠፋ ማታማ ከሁሉም ክራር ይሻላል!

ጊታሩ ሲመጣ በፊቱ ባለው ረጅም ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ልጦቹ ይታያሉ፤ በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ጉማጁ መኖሩን መመልከት ነው። ጉማጅ ከሌለውና በድምፅ ማጉያው አጠገብ ከጮኸ፣ እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ።