ከቦዦሌ የወይን ገበሬዎች
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በፈረንሳይ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን ቦዦሌ የሚባል፣ በየቤተሰቡ የተያዙ ትንንሽ ማሳዎች የበዙበት የወይን አገር አለ። ጋሜ ከተባለው ዝርያ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ እንደ እንጆሪ ይሸታል፤ አፍ አይጨመድድም። ምስጢሩ ከለቀማው ይጀምራል። ዘለላው በእጅ ተቆርጦ ሳይፈርጥ ወደ ትልቅ ጋን ይገባል። የታችኛው በላዩ ክብደት ተጨፍልቆ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ጋኑን ይሞላል፤ የላይኛውም ፍሬ እንዳለ በውስጡ መብላላት ይጀምራል። በጆንያ ታጭቆ ቢመጣ ይህ ሁሉ አይሆንም። (ጆንያ ስል የሳቃችሁ፣ ነገሩን ታውቁታላችሁ!)

በፍሌሪ መንደር እ.ኤ.አ. በ1927 የተቋቋመው የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ወይን በአንድነት እየተቀበለ ሲጠምቅ ኖሯል።

በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ለገበያ የሚወጣው አዲስ ወይን ለአካባቢው ፈጣን ገንዘብ አመጣ። ብዙዎችም ለብዛት ሮጡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገዢ ያጣው ወይን ወደ አልኮል ማጣሪያ ተላከ። የሚያሳዝነው፣ ጥራቱን የጠበቀውም ገበሬ በስሙ መርከስ አብሮ ተጎዳ።

በእኛም መጋዘን የአንድ አባል እርጥብ እህል ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የምርት አቀባበል መመሪያችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።