የምስክር ወረቀቱ ወሰን፦ በልብስ ኢንዱስትሪ የዘላቂነት መግለጫዎችን ስለ ማረጋገጥ



የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 እዚሁ ካዛንቺስ ከተከፈተ ወዲህ፣ በአዳራሹም ሆነ በቂርቆስ ትልልቅ ሆቴሎች ስለ ኢንዱስትሪ ልማት እጅግ ብዙ መግለጫ ተነቧል። የሚነገርለት ፋብሪካ ግን ከዚህ ርቆ ይገኛል። ጥጡ የሚለቀመው እንደ አዋሽና ኦሞ ባሉ ሸለቆዎች ነው፤ ልብሱ የሚሰፋው በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ደግሞ የሚለበሰው ከባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ «ይህ ልብስ ተፈጥሮን አልጎዳም፤ ሠራተኛንም አልበደለም» የሚለውን ቃል ገዢው በዓይኑ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ሌላ ሰው አይቶ እንዲመሰክርለት ይሻል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ አንድ የዘላቂነት መግለጫ እውነት መሆኑን ከመጠየቃችን በፊት፣ ወሰኑ የት ላይ እንደሚያበቃ መጠየቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ወሰን የጉዳዩ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በስፋት ከተነገረለት ነገር አንዱ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ የውኃ ማጣሪያው ነበር። ሐይቅ ባለባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ባወጣው ጥናት፣ የልብስ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከታወቁት ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ሁለቱ ቃሎች አይጣረሱም፤ አንዱ ስለ ውኃ፣ ሌላው ስለ ሰው ኑሮ ይናገራል። ስሕተት የሚፈጠረው «አረንጓዴ» የሚለው ስም ስለ ውኃው የተመሰከረውን ለደመወዙም የተመሰከረ ሲያስመስለው ነው። በውኃውም ቢሆን ጥያቄው አያበቃም። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ጨውና ዝቃጭም ያስቀራል። አረጋጋጩ የቧንቧውን ጫፍ አይቶ ከመመለስ ይልቅ ዝቃጩ የት እንደሚደርስ መከተል አለበት።

ሁለተኛው ወሰን የጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 በካራቺ ከተማ «አሊ ኢንተርፕራይዝስ» በተባለ የልብስ ፋብሪካ ከ250 በላይ ሠራተኞች በእሳት አለቁ። ፋብሪካው ኤስ ኤ 8000 የተባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። የእሳቱ መነሻ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖሯል፤ ሠራተኞቹ እንዳያመልጡ ያገዳቸው ግን የተቆለፈ በርና የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነው። ኦዲተር የሚያየው የጉብኝቱን ቀን ነው፤ ሠራተኛዋ የምትኖረው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። በአብዛኛው የኦዲቱን ክፍያ የሚፈጽመው ራሱ የሚመረመረው ፋብሪካ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው ወሰን የወረቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ጨርቃ ጨርቅ ደረጃ ባለቤት ድርጅት፣ በሕንድ 20,000 ቶን ጥጥ በሐሰተኛ ሰነድ ኦርጋኒክ ተብሎ መመዝገቡን አስታወቀ። ሰነዱ ሙሉ ነበር፤ ጥጡ ግን ሌላ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይረጋገጣል? መልሱ አንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ማመሳከር ነው። ፍሬው ያልተለየለት ጥጥ ሲዳመጥ፣ ለፈትል የሚሆነው ከክብደቱ ሲሶ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። መዳመጫው ከገዛው ጥጥ ሊወጣ ከሚችለው በላይ «ኦርጋኒክ» ሸጦ ከተገኘ፣ ማንም ሰው ሳይመሰክር ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ የለም ያለ ፋብሪካ የመብራት ቆጣሪውና የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡሱ ሰሌዳ ሌላ ሊናገሩ ይችላሉ። ሠራተኞችን ማነጋገርም ከፋብሪካው ግቢ ውጭ፣ አለቃ በሌለበትና በሚናገሩት ቋንቋ ሲሆን ነው ትርጉም ያለው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ገዢ ኩባንያ «ሕጉን አክብረናል» ሲል፣ ሕጉ ስለ ደመወዙ መጠን ምን ያህል እንደሚናገር መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የገበያ ዕድል ታገደች። ገዢ ሲወጣ ሥራ ያጣችው ሠራተኛ ምን እንደ ደረሰባት የሚለካ መለያ በልብሱ አንገት ላይ አልተሰፋም። ዘላቂነት የሚለው ቃል የእርሷን እንጀራ ካላካተተ፣ ቢያንስ አለማካተቱ በግልጽ ይጻፍ።

የአውሮፓ ኅብረት ማስረጃ የሌለውን አጠቃላይ የአካባቢ ጥበቃ መግለጫ የሚከለክለውን መመሪያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ወስኗል። ማስረጃው ከእኛ እርሻና ፋብሪካ ይጠየቃል። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ አንድ ሸሚዝ ይዛችሁ መዝገቡን እስከ ጥጥ ማሳው ድረስ ተከተሉት፤ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታም በትክክል ጻፉት። ገበሬውም ሠራተኛዋም የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ አጥኚ ያስፈልጋቸዋል።